በጉበቴ የቀረው መዳብ

መጀመሪያ የተበላሸው የእጅ ጽሑፌ ነው። አስኮ አካባቢ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። ስሜ መሠረት ነው፤ ልጆቹ ግን ሚስ መሲ ነበር የሚሉኝ። ሰሌዳ ላይ ፊደል ስጽፍ ጠመኔው ከእጄ እየሸሸ ያስቸግረኝ ጀመር። ከ«ሀ» የጀመርኩት መስመር ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ፊደሎቹም እያነሱ እያነሱ ሄደው «ሆ» ላይ ስደርስ ጉንዳን ያክላሉ። ፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ፣ «ሚስ፣ ለምንድነው ትንንሽ የጻፍሽው?» አለችኝ። «ጎበዝ ልጆች ትንንሹንም ያነባሉ» ብዬ አለፍኩት። ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ።

ቀጥሎ ምላሴ ከበደ። ጠዋት ጠዋት መዝሙር የማስዘምረው እኔ ነበርኩ፤ ቃላቱ አፌ ውስጥ እየተጣበቁ አስቸገሩኝ። ሳላውቀው ምራቄ በከንፈሬ ጥግ መውረድ ጀመረ፤ መሐረብ ከእጄ አይለይም ነበር። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሯ ቢሮዋ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። ወረቀት የምታሳየኝ መስላ ጠጋ አለችኝ። ትንፋሼን እያሸተተች እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«መሲ፣ እህቴ፣ ወላጆች እያወሩ ነው። ማታ ማታ የምትቀማምሺው ነገር አለ እንዴ?»

እኔ ለበዓል እንኳን ጠላ የማልቀምስ ሰው ነኝ። ይህንኑ ልነግራት አፌን ስከፍት ግን የወጣው ድምፅ የለየለት የሰካራም ድምፅ ነበር። እሷም አዘነችልኝ፤ ያሳዘናት ግን ሱሴ ነበር። «እስኪሻልሽ እረፊ» አለችኝ። እረፍቱ እስካሁን አላለቀም።

እናቴ ኮልፌ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። የሰላሌ ልጅ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ በሂሳብ ግን ማንም አይረታትም። ሦስት ልጆች ወልዳለች፦ እኔ፣ ከእኔ ቀጥሎ ቢኒያም፣ የመጨረሻዋ ደግሞ ሰናይት። አባታችን ገና ልጆች እያለን ስለሞተ ያሳደገችን ለብቻዋ ነው። ቢኒያም አሁን የለም። ስለ እሱ እመጣበታለሁ፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሱ ስል ነው።

በእኛ ሰፈር ክሊኒክ ሞልቷል። የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለኝ። ኮልፌ ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድ ሳይገኝበት የወጣ ሰው ካለ አሳዩኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፣ እጄ መንቀጥቀጡን አልጨረሰም። ሁለተኛው ጨጓራ ነው አለኝ። ሦስተኛው ነርቭ ነው ብሎ የቪታሚን መርፌ አዘዘልኝ፤ ስወጋ ሰንብቼ መቀመጫዬ ከማበጡ በቀር ያገኘሁት ነገር የለም። አራተኛው ብዙ ጠይቆኝ ብዙ አልቅሼለት ጭንቀት ነው አለና ክኒን ሰጠኝ። ያ ክኒን አንገቴን እንደ እንጨት አደረቀው። ጎኔን ለመቀየር እናቴን የምጠራት ሆንኩ፤ ለመጥራትም ምላስ አልነበረኝም፣ ግድግዳ እየመታሁ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ መሐል አንዱ ደም መርምሮ፣ «ደሟ አንሷል፤ ጉበቷም ትንሽ ተጎድቷል» ብሎ ነበር። ከዚያ ሁሉ ወሬ እናቴ ለቅማ የያዘችው ይህንን ነው። በማግስቱ ሉካንዳ ቤት ሄዳ ጉበት ገዝታ መጣች። ከዚያ በኋላማ ቤታችን ከጉበት ተለይቶ አያውቅም። አንድ ቀን ጥብስ፣ አንድ ቀን ዱለት፣ አንድ ቀን ደግሞ ጥሬውን በሚጥሚጣ። እሷ ራሷ ጎመን እየበላች ለእኔ ጉበት ትገዛ ነበር። እጄ ማንሳት ሲያቅተው በእጇ ታጎርሰኛለች።

«ጉበት ለጉበት ነው፣ ደም ይሆንሻል። ይቺን ብቻ፣ በሞቴ።»

እየተናነቀኝ እውጥላት ነበር። ደስ እንዲላት ብዬ ነው።

እየባሰብኝ ሲሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ጠበል አለ። ሄድን። ጠበልተኛው መሐል ቆሜ «ብርድ ነው፣ ቀስ አድርጉት» ልል ስሞክር ከጉሮሮዬ እንግዳ ድምፅ ይወጣል፤ ዙሪያዬን የቆመው ሰው ይሄኔ ዝም ይላል፤ መንፈሱ ሊናገር ነው ብሎ እኮ ነው። አንዲት ሴትዮ፣ «ተናገር! ማነህ?» አለችኝ። መሠረት ነኝ ልላት ፈልጌ መሠረት የሚለውን ስም ማውጣት አቃተኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ብቻዬን የቀረሁበት ቀን የለም። ሰው መሆኔን የሚናገርልኝ አንድ ሰው አጣሁ።

የሚያጠምቁት አባት ግን ሽማግሌ ነበሩ፤ ለብዙ ቀን ዝም ብለው ሲያዩኝ ከርመው አንድ ጠዋት እናቴን ጠሯት። «ልጄ፣ ይህቺን ልጅ ሆስፒታል ውሰጃት። ጠበሉን ይዘሽላት ሂጂ፣ ግን ውሰጃት» አሏት። እናቴ በመቋሚያቸው የመቷት ያህል ደነገጠች። ሌላ ሰው ቢላት እንቢ ትል ነበር። ሆስፒታል ለእናቴ ቢኒያም ማለት ነው።

ቢኒያም አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለ ነው የታመመው። መጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጓደኞቹ ጫት ጀመርክ ወይ እያሉ ያሾፉበታል። ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ ተነፋ። ሆስፒታል ወሰድነውና አልጋ ያዘ። ጎረቤት ሊጠይቅ ይመጣል፤ የመጣው ሁሉ የእናቴን ክንድ ይዞ ኮሪደር ላይ የሚነግራት አንድ ነገር ነው፦ የወፍ በሽታ ነው፤ የወፍ በሽታ ደግሞ መርፌ አይወድም፤ መርፌ የነካው ቀን ይሞትብሻል። ይህን ያላት አንድ ሰው ቢሆን ጥሩ ነበር። ሁሉም ነው ያላት። እኔም ፈራሁ እንጂ ተይ አላልኳትም። ነርሷ ለምርመራ ደም ልትቀዳ መርፌ ይዛ ስትመጣ እናቴ መሐል ገብታ ቆመች፣ በአውራ ጣቷ ፈርማም አወጣችው። ቡራዩ በኩል የወፍ መድኃኒት የሚሰጡ አሉ ተብሎ ሥር እየተበጠበጠ ጠጣ። ፋሲካን ሳያይ ሞተ። እናቴ ከቀብር ስትመለስ ያለችው፣ «ደግነቱ መርፌ ሳይነካው» ነው። ያቺ ቃል ናት ያቆየቻት። መርፌው አልገደለውም፤ ስለዚህ የገደለው የእግዜር ቀን ነው።

እንግዲህ ይህች ሴትዮ ናት ልጅሽን ሆስፒታል ውሰጃት የተባለችው።

የሆስፒታል ወረፋ የማያውቅ ሰው ስለ ትዕግሥት ባያወራ ይሻላል። ቀጠሮ፣ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ፣ «ዛሬ ሲኒየሩ ሐኪም የሉም»፣ «ካርድሽ ጠፍቷል፣ ተቀመጪ»። አግዳሚው ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ምራቄን ሲያይ ራቅ ይላል። አንድ ቀን ግን አንዲት የማላውቃት እናት የነጠላዋን ጫፍ አውጥታ አገጬን ጠረገችልኝና ወሬዋን ቀጠለች። ስሟን አላውቅም። ያን ዕለት ሌላ ያገኘሁት ሕክምና የለም።

በስተመጨረሻ የነርቭ ሐኪሙ ጋ ገባን። ለጋ ነው፣ ለስላሳ ድምፅ አለው። እጆቼን ወደ ፊት አስዘረጋኝ፤ ክንፍ እንዳለው ነገር ተራገቡ። ለረጅም ጊዜ አያቸውና እናቴን ጠየቃት።

«እናት፣ በቤተሰብ ውስጥ በልጅነቱ ጉበቱን የታመመ አለ?»

እናቴ ቦርሳዋን ከጭኗ ወደ መሬት አወረደች፣ መልሳ ወደ ጭኗ አወጣችው። «ልጅ ነበረኝ» አለች።

ሐኪሙ ሌላ አልጠየቃትም። ዓይን ክፍል ላከን። አገጬን መሣሪያ ላይ አስደግፋ በብርሃን ዓይኔን ያየችው ሐኪም አንድ ጓደኛዋን ጠራች፤ እሷም ሌላ ጠራች። ተራ በተራ እየገቡ አዩኝ። በዓይኔ ጥቁሩ ክፍል ዳር ዳር ቡናማ ቀለበት አለ፤ በመስተዋት አይታይም፣ በዚያ መሣሪያ ብቻ ነው የሚታየው። ሁሉም ዓይኔን አይተው ደስ አላቸው። ለትዳር የፈለገኝ ሰው እንኳን ያን ያህል ዓይኔን አይቶልኝ አያውቅም።

ከዚያ የአንድ ሙሉ ቀን ሽንት አጠራቅመሽ አምጪ ተባልኩ። እናቴ በታጠበ የፕላስቲክ ጀሪካን ሞልታ ይዛልኝ ታክሲ ተሳፈርን። ጦር ኃይሎች ልንደርስ ስንል ወያላው፣ «እናት፣ ዘይት ከሆነ ክዳኑ ይጥበቅ፣ ወንበር እንዳይነካብኝ» አለ።

«ጠበል ነው» አለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ከኋላችን የተቀመጠች ሴት ይህን ሰምታ ጠጋ አለች። «የየትኛው ደብር ነው እናቴ? እባክዎ ትንሽ ያካፍሉኝ፣ እኔም የታመመ አለብኝ» አለች፤ የውሃ ፕላስቲኳንም ከቦርሳዋ አወጣች። እናቴ ጀሪካኑን በሁለት እጇ አቀፈችው። «አይ ልጄ፣ ይሄ በስሟ የተባረከ ነው፤ ለሌላ አይሆንም።» ከታክሲው ወርደን ሆስፒታሉ በር እስክንደርስ ሁለታችንም እየተደጋገፍን ሳቅን። እናቴ እስከዚያ ቀን ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም። እንዴት እንዲህ እንዳማረባት ገረመኝ።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ አጠገቡ አስቀምጦን አስረዳን። በሽታው ዊልሰን ይባላል። ከምግብ ጋር ትንሽ ትንሽ መዳብ ወደ ሰውነታችን ይገባል፤ የሚያስፈልገው ተወስዶ የተረፈውን ጉበት ከሐሞት ጋር ያስወጣዋል። መዳቡን ከጉበት ሕዋስ የሚያወጣው በሕዋሱ ውስጥ በስስ ሽፋን ላይ የተተከለ አንድ ፕሮቲን ነው። ያ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ትእዛዙ የተጻፈበት ዘረ መል ኤቲፒ ሰቨን ቢ ይባላል። እኔ ላይ ያ ዘረ መል ተበላሽቷል፤ መዳቡ መውጫ አጥቶ መጀመሪያ ጉበቴ ላይ፣ ከዚያ ሞልቶ አንጎሌና ዓይኔ ላይ ተከማችቷል።

እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው። «ተሸካሚ የለም ማለት ነው» አለች። «ዕቃው በየቀኑ ይገባል፣ የሚያወጣው ኩሊ ጠፍቷል፤ መጋዘኑ ሞላ።»

«እንደሱ ነው፣ እናት። እኔም ከዚህ በኋላ እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው።»

«ከማን መጣባት?»

«ከእርስዎም ከአባቷም። አንድ የተበላሸ ብቻ ያለው ሰው አይታመምም፣ ስለዚህ ሁለታችሁም አታውቁትም ነበር። ከሁለታችሁም የተበላሸውን የወሰደ ልጅ ነው የሚታመመው። ትዛመዱ ነበር?»

«እኛ?» አለች እናቴ ቀና ብላ። «ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው። ሽማግሌዎቹ ሁለቴ ነው የቆጠሩት።»

«ባትዛመዱም ያጋጥማል። የማንም ጥፋት አይደለም።» ከዚያ ስለ ምግብ ነገራት፤ ሽሮውንና ምስሩን መጠን ያድርጉላት፣ ለውዝና ሰሊጥ ይቅር። «ጉበት ግን በጭራሽ። ከምግብ ሁሉ መዳብ የሚበዛበት ጉበት ነው።»

እናቴ አቀረቀረች። እጆቿን እያየች ነበር፤ የምታጎርሰኝን ቀኝ እጇን በግራዋ ሸፍናዋለች። ሐኪሙ ምን እንደሆነ ባያውቅም አንድ ነገር እንዳለ ገባው መሰለኝ፣ በሽታው ከምግብ እንደማይመጣ ደጋግሞ ነገራት። አልሰማችውም።

ያኔ ነው እኔ ስልኬን ያወጣሁት። መናገር ስለማልችል በአንድ ጣት እየተሳሳትኩ ጻፍኩለት፦ «ወንድሜ በዚሁ ነው የሞተው? ብናክመው ይድን ነበር?» ሐኪሙ አነበበ። አጠገቤ የተቀመጠችውን እናቴን አያት። ከዚያ መልሱን በአፉ አልነገረኝም፤ ስልኩን ተቀብሎኝ እሱም ጻፈ፦ «አንቺን ሳይ ይመስለኛል። በጊዜ ቢመረመር፣ አዎ። መድኃኒቱ እናትሽ ከመወለዳቸው በፊት ጀምሮ አለ።»

እናቴ ስልኩን አየች፣ ፊቴን አየች፣ የሐኪሙን ፊት አየች። ማንበብ አትችልም። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

መድኃኒቱ ፔኒሲላሚን ይባላል፤ መዳቡን ይዞ በሽንት ያስወጣል። የአዲስ አበባ ፋርማሲዎችን አዳርሰን «የለም»፣ «መጥቶ አያውቅም»፣ «እንደገና በይው፣ ምንድነው ያልሽው?» ሲሉን ከረሙ። ከውጭ አገር የሚመጣ መንገደኛ ካልያዘልን በቀር የለም። ሲገኝ ደግሞ አባሰኝ። ሐኪሙ መጀመሪያ ላይ ሊብስ እንደሚችል ነግሮን ነበር፤ መስማትና መድረስ ግን ለየቅል ናቸው። መቆም አቃተኝ። ጉሮሮዬ ውሃ እንኳን አልቀበል አለ። ሌሊት አንድ ነገር እየፈራሁ እነቃ ነበር፤ ሞት አይደለም የፈራሁት፣ እንዲሁ ሆኜ መኖርን ነው። እግዚአብሔርን ውሰደኝ ብዬዋለሁ። ሰናይት አጠገቤ ተኝታ ስትተነፍስ እሰማና በእሷም ላይ እናደድ ነበር፣ እንዴት እንዲህ ቀልሏት ትተነፍሳለች ብዬ።

ሰናይትንም አስመረመርናት። ዓይኗ ንጹህ ነው፣ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ምኗንም አላመማትም፤ ደሟና ሽንቷ ግን እሷም እንደ እኔ መሆኗን አሳየ። እናቴ ይህን የሰማች ቀን አላለቀሰችም። ገበያ ሄዳ እስኪመሽ ቅመም ስትሸጥ ዋለች፣ ማታ እግሯን ሳትታጠብ ተኛች። ሰናይት ገና ስላልታመመች በዚንክ ብቻ ትታከማለች፤ ዚንክ ደግሞ እዚሁ ይገኛል። በየቀኑ ትውጣለች፤ ትማራለች፣ ትሮጣለች፣ ታሾፍብኛለች። ሐኪሙ ዕድለኛ ናት ይላል። ዕድሏ እኔ ነኝ እንግዲህ።

እኔ ዳንኩ አልላችሁም። ከብዙ ወራት በኋላ አንገቴ ላላ፣ ማንኪያ ያዝኩ፣ ከቤት እስከ ፌርማታው ያለ ሰው እሄዳለሁ። ጠመኔ ግን አልያዝኩም፤ የምይዝም አይመስለኝም። ይህንን የምጽፈውም በስልክ ነው፣ በዚያችው በአንድ ጣት። ምላሴ መጨረሻ ላይ ነው የተፈታው። ቀስ በቀስ፤ መጀመሪያ ሰናይት ትረዳኝ ጀመር፣ ከዚያ ባለሱቁ።

እናቴ ይህንን ስትጠብቅ ኖሯል። አንድ እሑድ ሰናይት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ኮረሪማ እየፈለፈለች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን በስልክሽ ምን ነበር የጻፍሽለት?»

የቱን ቀን አላልኳትም። «ስለ ቢኒ» አልኳት።

«አውቄዋለሁ። እሱስ ምን አለሽ?» ፈልፍላ የጨረሰችውን ኮረሪማ እንደገና አነሳችው። «ሐኪሙን ልጠይቀው ብዬ አፌ እንቢ አለኝ። አንቺ እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ኖርኩ። ያኔ መድኃኒት ነበረው?»

ለሁለት ዓመት ቃል ለማውጣት ስታገል ኖሬያለሁ። ሚስ መሲ ነኝ ማለት አቅቶኝ ሥራዬን አጥቻለሁ፣ መሠረት ነኝ ማለት አቅቶኝ ሰይጣን ተብያለሁ። ያን ሰዓት ግን ምላሴ ምንም አልያዘውም።

«አልነበረም» አልኩ። «ያኔ መድኃኒቱ አልወጣም ነበር። አሁን በቅርቡ ነው የመጣው።»

አንድም ፊደል ሳላጎድል ነው ያልኩት። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ ራሴን ይዛ ግንባሬን ሳመችኝና፣ «ተመስገን፣ ምላስሽ ጠራ» አለች። ስለ መልሱ ምንም አላለችም። ካመነችኝ አላውቅም። ጀሪካኑን ጠበል ነው ያለችው እሷ ናት፤ ውሸት እንዴት እንደሚያምር ታውቃለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰናይት ዚንኳን በዋጠች ቁጥር እናቴ ሥራዋን አቁማ ውሃው እስኪያልቅ ታያታለች።

ለእናንተ የምለው እውነቱን ነው። ልጃችሁ በወጣትነቱ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ አንደበቱ ከተያዘ፣ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሰክሯል አትበሉት፣ የወፍ በሽታ ነው ብላችሁም መርፌ አትከልክሉት። ዓይኑን ለሐኪም አሳዩ። አንዱ ከተገኘበት ወንድም እህቶቹንም ሁሉ፣ ደህና የሚመስሉትንም፣ አስመርምሩ። መድኃኒት አለው። ያኔም ነበረው።

ኮልፌ ገበያ የምትገበያዩ ደግሞ እናቴን ታውቋት ይሆናል፤ ኮረሪማዋ ደህና ነው፣ ሚዛኗም ልክ ነው። ግዟት። ይህን ግን እንዳታነቡላት።